የኮሸሽላ ቢራቢሮ ወዴት ትሄዳለች?

ክረምቱ አልፎ፣ ደመራው ተለኩሶ፣ በቅዱስ ቂርቆስም ሆነ በቅዱስ ዑራኤል ደብር ካህናቱ መቋሚያና ጸናጽላቸውን ይዘው ለማኅሌተ ጽጌ ሌሊቱን በሚቆሙበት ወራት፣ ማለትም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት አርባ ቀናት ውስጥ፣ ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ወደ ካዛንቺስ በእግሩ የሚወጣ ሰው በመንገዱ ዳር ባለው ክፍት መሬት አጠገብ ጥቂት ቆም ቢል፣ ክንፏ ብርቱካንማ፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁር፣ በጥቁሩም ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያረፈባት አንዲት ቢራቢሮ ከመጭ አበባ ወደ ኮሸሽላ አበባ ስትዘዋወር ሊያይ ይችላል። ቤተ ክርስቲያን በእነዚህ ቀናት የምታስበው የእመቤታችንን ከልጇ ጋር ወደ ምድረ ግብጽ መሰደድ ነውና፣ በዚሁ ወራት የምትታየው ቢራቢሮም ስደተኛ መሆኗ ያጋጣሚ ነገር ነው፤ ነገር ግን አጋጣሚው ወራቱን ለማስታወስ ስለሚመች አነሣሁት።

ስለዚህች ፍጥረት ሊቃውንት ሲጠያየቁበት የኖሩት ነገር በአጭሩ ሲነገር፣ በእነርሱ ጸደይና በጋ አውሮፓን ሞልታ የምትታየው ቢራቢሮ ብርድ ሲመጣ ወዴት ትሄዳለች፣ በዓመቱስ ከወዴት ትመለሳለች የሚል ነው። ጥያቄው ከመቶ ዓመት በላይ በቂ መልስ አጥቶ የኖረው ነገሩ ከሰው አእምሮ በላይ ሆኖ ሳይሆን፣ ፈላጊዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወገን ብቻ ቆመው፣ ይኸውም ከሰሐራ በስተ ሰሜን ሆነው ስለ ፈለጉት ነው ብዬ አምናለሁ። የጎደለው የመልሱ እኩሌታ የነበረው ከበረሃው በስተ ደቡብ፣ ከእኛ አገር ጭምር ነው።

ስሟን በሳይንስ መዝገብ ያሰፈረው ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1758፣ በእኛ በኩል አፄ ኢዮአስ በጎንደር ነግሠው ሳሉ ነበር። ዛሬ ተመራማሪዎች የሚጠሯት ቫኔሳ ካርዱይ ብለው ነው፤ እኔ ግን ልጆቿ ኮሸሽላንና መሰሎቹን እሾኻማ ዕፀዋት አብዝተው ስለሚመገቡ በዚህ ጽሑፍ የኮሸሽላ ቢራቢሮ እላታለሁ። ክንፎቿ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ይደርሳሉ። ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ስትሞቅ ያየ ሰው በደማቅነቷ ይደነቃል፤ ክንፏን አጥፋ ስታርፍ ግን የታችኛው ገጽ ግራጫና ቡናማ የተዘበራረቀበት፣ በኋላ ክንፏም ጠርዝ ላይ ዓይን የሚመስሉ ትናንሽ ክቦች የተሰለፉበት ስለሆነ፣ ከደረቀ ሣርና ከአፈር ለይቶ ለማየት ያዳግታል። ከደቡብ አሜሪካና ከአንታርክቲካ በቀር በክፍለ ዓለማቱ ሁሉ ትገኛለች ማለት ይቻላል። በምድር ላይ ካሉት ቢራቢሮዎች መካከል እንደ እርሷ ሰፊ አገር የያዘች ጥቂት ናት።

በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከእርሷ ጋር ልትምታታ የምትችል የቅርብ ዘመድ አለቻት። ይህችኛዋ ቫኔሳ አቢሲኒካ ትባላለች፤ በአገራችን ጥንታዊ የውጭ መጠሪያ የሰየሟትም እ.ኤ.አ. በ1867 ኦስትሪያውያኑ አባትና ልጅ ፌልደሮች ናቸው፤ አባትየው በዓመቱ የቪየና ከተማ ከንቲባ ለመሆን የበቃ ሰው ነው። እርሷ መልኳ ጠቆር ያለ፣ ኑሮዋም በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ላይ የተወሰነ ሲሆን በረሃ አትሻገርም። አንድ ወገን ሆነው ሳሉ አንደኛይቱ ከተራራዋ የማትወርድ፣ ሁለተኛይቱ ግን ክፍለ ዓለም ለክፍለ ዓለም የምትዞር መሆናቸው ራሱን የቻለ ምርምር የሚሻ ጉዳይ ነው። ስለ አገራችን ቢራቢሮዎች ከተጻፉት የቆዩ ጽሑፎች ዋነኛው የእንግሊዛዊው ካርፔንተር ሲሆን፣ የታተመውም ጣልያን አገራችንን በወረረበት በ1935 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት በ1926 እና በ1927፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ ሂዩ ስኮትና ኦመር-ኩፐር የተባሉ አጥኚዎች በአገራችን ተዘዋውረው ነፍሳት ሰብስበው ነበር። የእንዲህ ያሉ መዛግብት ጠባይ ግን የታወቀ ነው፤ በመርፌ ተወግታ ሣጥን ውስጥ የገባችው ቢራቢሮ የት እንደ ተያዘች ይነግሩናል፣ ከየት እንደ መጣች ግን አይነግሩንም።

አሁን ኑሮዋን ቀረብ ብለን እንመልከት። እናቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው በአንድ ስፍራ ክምር አድርጋ ሳይሆን አንድ በአንድ፣ በልዩ ልዩ ቅጠል ላይ ነው። እንቁላሉ ከስፒል ራስ ያነሰ፣ አረንጓዴነቱ የደበዘዘ፣ ከላይ ወደ ታች ቀጫጭን ሸንተረር ያለው ነው፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ውስጥም ይፈለፈላል። የሚወጣው ትል መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ቤት መሥራት ነው፤ ከአፉ በሚያወጣው ሐር የቅጠሉን ጠርዝና ጠርዝ ስቦ ያገናኝና ድንኳን ያበጃል፤ በዚያም ውስጥ ተሸሽጎ የቅጠሉን ለስላሳ ሥጋ እየፋቀ ይበላል። በካዛንቺስ በቆርቆሮ አጥር በተከለለ ባዶ ቦታ፣ ከፍርስራሽ ድንጋይ መካከል የበቀለውን የልት ቅጠል ገልበጥ አድርጎ የሚያይ ሰው፣ ቅጠሉ ተጨማዶ በነጭ ክር ተሰፍቶ፣ በውስጡም ጥቃቅን ጥቁር ፍግ ተጠራቅሞ ቢያገኝ፣ ቤቱ የማን እንደሆነ ከወዲሁ መጠርጠር ይችላል። ድንኳኑን በስንጥር ቢከፍተው፣ ጥቁርና ቢጫ የተቀላቀለበት፣ በጀርባው ላይ ቅርንጫፍ ያለው እሾኽ የተደረደረ፣ ከሁለት ሳምንት ባልበለጠ ዕድሜ የጣት አንጓ የሚያህል እጭ ያገኛል። ሕዝባችን ጠጉራም ትልን ሁሉ አባ ጨጓሬ ብሎ ስለሚፈራ ይህንንም በእግሩ ይረግጠዋል፤ ነገር ግን የዚህኛው እሾኽ ሰውን አያሳክክም።

እጩ አራት ጊዜ ቆዳውን ከገፈፈ በኋላ መብላቱን ይተውና ራሱን ወደ ታች አድርጎ ይንጠለጠላል፤ አምስተኛውንም ቆዳ ሲጥል ተመራማሪዎች ፑፓ የሚሉት፣ ወርቅ የሚመስል ነጠብጣብ ያለበት ቅርፊት ሆኖ ይቀራል። በዚያ ቅርፊት ውስጥ የቀድሞ አካሉ አብዛኛው ፈርሶ እንደገና ይሠራል፤ ይህም እንደ ሙቀቱ መጠን ከሰባት እስከ አሥር ቀን፣ ሲበርድም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ቢራቢሮዋ ስትወጣ ክንፏ የተጨማደደ ነው፤ ፈሳሽ ወደ ክንፏ ሥሮች ገፍታ ከዘረጋችው በኋላ፣ የተረፈውን ቀይ ፈሳሽ አንጠባጥባ ትበርራለች። ከእንቁላል እስከ በረራ አንድ ወር ገደማ፣ ከበረራ እስከ ሞት ደግሞ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት መሆኑ ነው። እንግዲህ በዚህች አጭር ዕድሜ ነው ሺህ ኪሎ ሜትር የምትጓዘው።

ስለ ምን ትሰደዳለች የተባለ እንደሆነ፣ የመጀመሪያው መልስ በብርድ አገር መተኛት ስለማትችል የሚል ነው። በሰሜን የሚኖሩ ብዙ ቢራቢሮዎች ክረምቱን በእንቁላልነት፣ ወይም በእጭነት፣ ወይም በፑፓነት አካላቸውን አቀዝቅዘው፣ መብላትንና ማደግን አቁመው ያሳልፉታል። የኮሸሽላ ቢራቢሮ ግን ከእነዚህ ደረጃዎች በአንዱም ላይ እንዲህ ያለ እንቅልፍ አልተሰጣትም፤ ትውልድ በትውልድ ላይ ሳታቋርጥ መተካት አለባት፤ ለዚህም በየወሩ ለጋ ቅጠል ያለበት አገር ያስፈልጋታል። ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ የማይነገርለት ነው፤ በእጮቿ ሥጋ ውስጥ እንቁላላቸውን የሚጥሉ ጥቃቅን ተርቦች አሉ፤ ቢራቢሮዋ በአንድ አገር ሁለት ሦስት ትውልድ ከቆየች ተርቦቹ ይበረክቱባታል፤ ወደ ሌላ አገር ስትሄድ ግን ጥላቸው ታመልጣለች። በሞሮኮ የተደረገው ጥናት ይህን ያስረዳል። ስለዚህ ስደቷ ረኃብንና ብርድን ብቻ ሳይሆን ጠላትንም መሸሽ ነው።

ወደ ጥያቄው ታሪክ ስንመለስ፣ እስካሁን ከተጻፉት ምስክርነቶች ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ከአገራችን ደጃፍ የመጣው ነው። አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ካረፉ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1869 ስከርችሊ የተባለ እንግሊዛዊ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በሱዳን ስዋኪን አጠገብ፣ ከተራራው ወደ ባሕሩ በሚወርድ ጉዞ ላይ ሳለ፣ ነፋስ ሳይኖር ሣሩ ሲንቀጠቀጥ አየ። ከግመሉ ወርዶ ሲመለከት፣ በየሣሩ ላይ የተንጠለጠለው ሁሉ የዚህች ቢራቢሮ ፑፓ ሆኖ፣ እርሱ ቆሞ እያየ ቅርፊቱ ይቀደድ፣ ቢራቢሮዎቹም ይወጡ ጀመር። ክንፋቸው ሲደርቅ ሁሉም በአንድነት እንደ ደመና ተነሥተው ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ሄዱ። ስከርችሊ ይህን ያሳተመው ከአሥር ዓመት በኋላ በ1879 ሲሆን፣ ያሳተመበትም ምክንያት በዚያ ዓመት የአውሮፓ አገሮች በዚህችው ቢራቢሮ ስለ ተጥለቀለቁና ሰው ሁሉ ከየት መጣች ብሎ ስለ ጠየቀ ነው። እንግዲህ መልሱ በዚያን ጊዜ በከፊል በእጅ ነበር ማለት ነው፤ የተከታተለው ግን አልነበረም።

በሃያኛው ምእት ዓመት ነገሩን በሥርዓት የያዘው እንግሊዛዊው ዊሊያምስ ነው፤ በግብጽና በታንጋኒካ ሠርቶ የነበረው ይህ ሰው በ1930 እ.ኤ.አ. ስለ ቢራቢሮዎች ፍልሰት፣ በ1958 ደግሞ ስለ ነፍሳት ፍልሰት በጠቅላላው መጻሕፍት አሳትሟል፤ መርከበኞች፣ ወታደሮችና ሚሲዮናውያን በየመንገዳቸው ያዩትን የበረራ አቅጣጫ ሁሉ ለቅሞ አከማችቷል። ይሁን እንጂ ከእርሱ በኋላም ለረጅም ጊዜ የብዙዎቹ እምነት ቢራቢሮዋ ክረምቱን በሰሜን አፍሪካ ዳርቻ፣ በሞሮኮና በአካባቢው ታሳልፋለች የሚል ነበር። ሰሐራን ያህል በረሃ ግራም የማይሞላ ክብደት ያላት ፍጥረት ደርሶ መልስ ትሻገረዋለች ማለት ለብዙዎቹ ከእውነት የራቀ መሰላቸው። በአሜሪካ በኩል የንጉሥ ቢራቢሮ የሚሏት ዝርያ በሜክሲኮ ተራሮች ላይ ተሰብስባ የምትከርምበት ጫካ በ1975 እ.ኤ.አ. ሲገኝ የዓለም ጋዜጦች ሁሉ አወሩለት፤ የእኛይቱ ግን ተሰብስባ የምትተኛበት ዛፍ ስለሌላት ፎቶግራፍ የሚነሣላት ቦታ አልተገኘም። ባህርይዋ ለዝና አይመችም።

ነገሩ መገለጥ የጀመረው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት የአውሮፓ ሰማይ እንደገና በዚህች ቢራቢሮ ተሞላ፤ በእንግሊዝ አገር ነፍሳትን ለመከታተል የተተከለው ራዳር ወደ ሰማይ ሲያነጣጥር፣ በጸደይ 11 ሚሊዮን ያህል ገብተው በመከር 26 ሚሊዮን ያህል ወደ ደቡብ መመለሳቸው ተገመተ። ከዚያ በፊት ሲመለሱ ያየ ሰው እምብዛም ስላልነበረ ብዙዎች ወደ ሰሜን የሄዱት ሁሉ እዚያው በብርድ ያልቃሉ ይሉ ነበር። ምስጢሩ ግን ከፍታው ነበር፤ ወደ ሰሜን ሲመጡ ብዙዎቹ ከመሬት አጠገብ ስለሚበርሩ ሰው ያያቸዋል፣ ሲመለሱ ግን በአማካይ ከ500 ሜትር በላይ ወጥተው፣ የሚመቻቸውን ነፋስ መርጠው፣ በሰዓት እስከ 45 ኪሎ ሜትር እየበረሩ ያልፋሉ። ሰው ዓይኑ ስላልደረሰበት ብቻ አልቀዋል ብሎ ፈረደባቸው።

ከዚያ በኋላ ከባርሴሎና የተነሡ ተመራማሪዎች፣ በተለይም ጄራርድ ታላቬራና ሮጀር ቪላ፣ እስከዚያ ድረስ ያልተደረገውን አደረጉ፤ ይኸውም ከሰሐራ በስተ ደቡብ ሄደው መፈለግ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የመከር ወራት በቻድ፣ በቤኒን፣ በሴኔጋልና በኢትዮጵያ ተዘዋውረው፣ የኮሸሽላ ቢራቢሮ በብዛት ስትገባና በገባችበትም አገር ስትራባ አገኙ፤ ግኝታቸውንም በ2016 አሳተሙ። የመቶ ዓመት ጥያቄ ዋነኛ ቋጠሮ የተፈታው ውድ በሆነ መሣሪያ ሳይሆን፣ በትክክለኛው ወር በትክክለኛው አገር ቅጠል በመገልበጥ ነው።

መሣሪያው የመጣው ለማጽናት ነው፤ የሥራው ስልትም ሊነገር የሚገባው ነው። በዝናብ ውኃ ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን ጥቂቱ ከሌላው የከበደ ነው፤ የዚህም የከባዱ መጠን ከአገር አገር፣ ከባሕር በመራቅና በመቅረብ፣ በከፍታና በዝቅታ ይለያያል። ዝናቡን ቅጠሉ ይጠጣዋል፣ ቅጠሉን እጩ ይበላዋል፣ እጩ ሲለወጥም ክንፏ የሚሠራው ከዚያው ከበላው ነው። ክንፍ ደግሞ አንዴ ከተሠራ በኋላ ስለማይለወጥ፣ ቢራቢሮዋ የትም ብትሄድ የትውልድ አገሯን ዝናብ ማኅተም በክንፏ ይዛ ትዞራለች። በዚህ ዘዴ በጸደይ መጀመሪያ በሞሮኮ፣ በስፔን፣ በግብጽ፣ በእስራኤልና በሌሎችም የሜዲትራኒያን አገሮች የተያዙት ሲመረመሩ፣ አብዛኞቹ ከሰሐራ በስተ ደቡብ የተወለዱ ሆነው ተገኙ፤ ይህም በ2018 እ.ኤ.አ. ታተመ። እንግዲህ ሄደው የሚቀሩ አይደሉም፤ የልጅ ልጆቻቸው ይመለሳሉ። ዙሩ ሲደመር ከ12,000 እስከ 15,000 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ሲሆን፣ ይህን የሚፈጽመው ግን አንድ ግለሰብ ሳይሆን ቢያንስ ስድስት፣ እንደ አንዳንዶቹ ግምት እስከ አሥር የሚደርስ ትውልድ ነው። ከቂርቆስ የተነሣችው ቅድመ አያት አቴንስን አታይም፣ አቴንስ የደረሰችውም ቂርቆስን አታውቅም።

መንገዱን ሳይማሩት እንዴት ያውቁታል ለሚለው፣ እስካሁን የተገኘው መልስ ከፊል ነው። በሙከራ እንደ ታየው አቅጣጫቸውን የሚይዙት በፀሐይ ነው፤ የቀኑንም ሰዓት የሚያሰላ ተፈጥሯዊ ልኬት ስላላቸው ፀሐይ ስትዞር እነርሱ አይዞሩም፤ በመከር ወደ ደቡብ፣ በጸደይ ወደ ሰሜን የሚያዘነብሉትም በደመ ነፍስ ነው። ነፋስን ግን እንደ ታዛዥ አገልጋይ ሁልጊዜ አያገኙትም። በጥቅምት 2013 እ.ኤ.አ. በደቡብ አሜሪካ በፈረንሳይ ጊያና የባሕር ዳርቻ ላይ፣ ይህች ቢራቢሮ በማትኖርበት አገር፣ ክንፋቸው የተበጣጠሰ ጥቂት ቢራቢሮዎች በአሸዋው ላይ አርፈው ተገኙ። ከአካላቸው የተለቀመው የአበባ ብናኝ ሲመረመር ከምዕራብ አፍሪካ ዕፀዋት የመጣ ሆነ፤ ከነዚህም አንዱ በቆላችን የምናውቀው ቁርቁራ ነው። አትላንቲክን ከ4,200 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከአምስት እስከ ስምንት ቀን ሳያርፉ ተሻግረው ነበር፤ ነፋስ ባይረዳቸው ኖሮ በሰውነታቸው ባለው ስብ ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ እንደማይችሉ ተሰልቷል። የዚህ ምርመራ ውጤት በ2024 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። የአበባ ብናኝ በነፍሳት አካል ላይ ውቅያኖስ ይሻገራል ብሎ ከዚያ በፊት የጻፈ ቢኖር ሰው ባላመነው ነበር።

አሁን የኢትዮጵያ ድርሻ ምንድር ነው? ከአውሮፓ የሚመጡት በመስከረምና በጥቅምት ግድም በሰሐራ ደቡባዊ ጠርዝ፣ ሳህል በሚባለው ምድር ይደርሳሉ፤ ያን ጊዜ ሳህል የክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ ገና አረንጓዴ ነው። ነገር ግን ያ ልምላሜ አይዘልቅም፤ ከኅዳር በኋላ ሣሩ ይደርቃል፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ትውልድ ወይ ወደ ደቡብ ወደ እርጥቡ ሳቫና መውረድ፣ ወይ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ደጋ መውጣት አለበት። ደጋችን ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ክረምቱ ካለፈም በኋላ ወንዝ ዳሩ፣ አጥር ሥሩና ማሳው ጠርዝ ላይ ለጋ ቅጠል አይጠፋም፤ ከየካቲት ጀምሮ የበልግ ዝናብ በሚያገኝ አገር ደግሞ ኮሸሽላውና ልቱ እንደገና ያቆጠቁጣል። በቆላው የደረቀባትን በደጋው ታገኛለች፤ ያውም ብዙ ሳትርቅ፣ ከአፋር በረሃ ወደ ሸዋ አፋፍ የአንድ ቀን በረራ እንኳ አይሆንምና። የከፍታው መለያየት ወቅቶቹን በአጭር ርቀት ላይ ደራርቦ ስላስቀመጠላት፣ በሰሜን ለመኖር ሺህ ኪሎ ሜትር የምትከፍልበትን እዚህ ተዳፋት በመውጣትና በመውረድ ታገኘዋለች። ይህ የእኔ አመለካከት ነው፤ ደጋችን ለዚህች ፍጥረት መተላለፊያ ብቻ ሳይሆን የምትበረክትበት ቤት ነው እላለሁ።

ቁጥሯ ለምን በአንዱ ዓመት ሰማይ ሞልቶ በሌላው እንደሚጠፋ ደግሞ ከአንበጣ ጋር ስናስተያየው ይገባናል። በ2018 እ.ኤ.አ. ሁለት ዐውሎ ነፋሶች በዓረብ ምድር በረሃ ላይ ያልተለመደ ዝናብ አወረዱ፤ አንበጣው በዚያ ተራብቶ ባሕሩን ተሻገረና በ2012 ዓ.ም. የአማራን፣ የሶማሌን፣ የኦሮሚያንና የትግራይን ማሳ በላ። ከ2018 ወደ 2019 እ.ኤ.አ. በተሻገረው የሰሜኑ ክረምትና በጸደዩ በመካከለኛው ምሥራቅ በረሃ ያለ ወትሮው ልምላሜ ስለ ተገኘ የኮሸሽላ ቢራቢሮም በዝታ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. መጋቢት ቆጵሮስንና ሊባኖስን አጥለቅልቃ እስከ ሰሜን አውሮፓ ዘለቀች። በረሃ በዘነበበት ዓመት ሁለቱም ይመጣሉ። አንበጣ የሚበላን ስለሆነ መንግሥታት ተባብረው በ1962 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት አቁመውለታል፤ ቢራቢሮዋ ስለማትበላን ማንም አይጠብቃትም። በርግጥ አንዳንድ ጊዜ እጮቿ የሱፍና የአኩሪ አተር ቅጠል ሲበሉ ይገኛሉ፤ ግን ገበሬ እስኪያስለቅስ የሚደርስ ጥፋት አይደለም። ጥቅሟን የሚመዝን ሰው ቢኖር ከአበባ አበባ የምታደርሰውን ብናኝ በሚዛኑ ሌላ ወገን ማስቀመጥ ይገባዋል።

ወደ ቂርቆስ ልመለስ። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተቀመጠው ይህ ሰፈር ለቢራቢሮ የሚሆን ሦስት ዓይነት መሬት ነበረው፤ አንደኛው እንደ ጊዮን ሆቴልና እንደ አፍሪካ አዳራሽ ያሉት ሰፋፊ የአበባ ግቢዎች፣ ሁለተኛው የአድባራቱ ቅጥር ከነዛፎቹ፣ ሦስተኛው የባንትይቀጡ ወንዝ ዳርና በየመንደሩ ጓሮ ያለው፣ ማንም ያልተከለው አረም ነው። ከሦስቱ አብዛኛው ሰው የሚያደንቀው የመጀመሪያውን ነው፤ ቢራቢሮዋ ግን ያለ ሦስተኛው አትኖርም። ከግቢ አበባ የአበባ ማር ትቀስም ይሆናል፤ ልጆቿ የሚያድጉት ግን በኮሸሽላ፣ በልትና በሳማ ነው፤ እነዚህንም አትክልተኛ ሁሉ በመጀመሪያ የሚነቅላቸው ናቸው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የካዛንቺስ ነባር መንደሮች በኮሪደር ልማት ምክንያት ሲፈርሱ፣ የመንደሩ ሰው ወደ ሌላ ሰፈር ሲሄድ፣ ጓሮውና የጓሮው አረም አብረው ሄዱ። በቦታው የተተከለው ለስላሳ ሣርና በውጭ ዘር የመጣ ጌጠኛ አበባ ለዓይን ያምራል፤ ለእጭ ግን የሚበላ ቅጠል የለበትም። ቤት የፈረሰበት ሰው ኀዘን ከቢራቢሮ ነገር ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም፤ እኔም አላስቀምጠውም። ነገር ግን አዲሱን የወንዝ ዳርና የመናፈሻ መሬት የሚነድፉ ሰዎች ከሚያጭዱት ሣር መካከል ጥቂት ክንድ ስፋት ያለው ማዕዘን ሳይታጨድ ቢተውት ወጪ አይጨምርባቸውም፤ የሚቀንስባቸው ነው።

በአማርኛችን ከስንት አንዴ ብቅ የሚልን ሰው የመስቀል ወፍ እንለዋለን፤ ወፏ በዓመት አንዴ ደማቅ ላባዋን ለብሳ ስለምትታይ የሰጠናት ስም ነው። አባቶቻችን ወፏን፣ አደይ አበባን፣ የጽጌውን ወራት አስተውለው በንግግራቸውና በዜማቸው አስገብተዋቸዋል። ቢራቢሮን ግን በጠቅላላ ስሟ ቢራቢሮ ብለን ትተናታል፤ በገጠር በየቦታው የተለየ ስም ሊኖር ቢችልም፣ በከተማ ያለን ሰዎች የኮሸሽላዋን ከጤና አዳሟ፣ የደጋዋን ከቆላዋ ለይተን የምንጠራበት ልማድ የለንም። ስለዚህም ነው በ2014 እ.ኤ.አ. ባርሴሎናውያን መጥተው እስኪነግሩን ድረስ በየዓመቱ በደጃችን ያለፈችውን ያልመዘገብናት።

ከዚህ በኋላ የቀረው ሥራ ብዙ ነው፤ በኢትዮጵያ ደጋ በየትኛው ወር ስንት ትውልድ እንደምታፈራ፣ ከዚህ የተነሡት ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ዓረብ ምድር ወይስ የዐባይን ሸለቆ ተከትለው ወደ ግብጽ እንደሚሄዱ፣ የሚጠባበቁት ነፋስ የትኛው እንደሆነ በአገር ልጅ እጅ ዓመት እስከ ዓመት መከታተል ይጠይቃል። ለዚህ ራዳር አያስፈልግም። በትምህርት ቤት ግቢ፣ በደብር ቅጥር፣ በመሥሪያ ቤት ጓሮ የምትሠሩ መምህራን፣ ዲያቆናትና አትክልተኞች፣ በጽጌ ወራት ኮሸሽላውን ከመንቀላችሁ በፊት ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ፤ በሐር የተሰፋ ቅጠል ወይም እሾኻም እጭ ካገኛችሁ ቀኑን፣ ቦታውንና የዕፀዋቱን ስም ጻፉ፤ ቢራቢሮዎች በብዛት ሲያልፉ ካያችሁ ወደየት አቅጣጫ እንደሚበሩና ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስ ጨምሩበት፤ የጻፋችሁትንም አራት ኪሎ ላለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ክፍል አድርሱ።